ሞካ ላይ ቡና አይበቅልም

ቡና የሚሸጥባቸውን ስሞች ያነበበ ሰው ስለ ቡናው መገኛ በቂ ዕውቀት ያገኘ ይመስለዋል። አረቢካ፣ ሞካ፣ ጃቫ፣ ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌ፣ ጌሻ የሚሉት ሁሉ ቦታ የሚያመለክቱ ስሞች ናቸውና፣ ገዢው ቡናው የበቀለው እዚያው ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ነገር ግን ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ የሚነግሩን ቡናው የተለቀመበትን ማሳ ሳይሆን የተጫነበትን ወደብ ወይም የተሰበሰበበትን የገበያ ከተማ ነው፤ አንዳንዴም ስሙን በወረቀት ያሰፈረው ሰው የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የውጭ ሰዎች ስሕተት ብቻ አይደለም። እኛም ስለ ቡናችን ስንከራከር የሌላውን ተረት በራሳችን ተረት ስንተካ ደጋግሜ ስላየሁ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓረቦቹ አል-መኻ የሚሏት ሞካ በየመን የቀይ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። የተቀመጠችው ቲሃማ በሚባለው ሞቃትና ደረቅ የባሕር ዳር ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ ከፍታና ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚወደው የአረቢካ ቡና በዙሪያዋ ሊበቅል አይችልም። የየመን ቡና የሚለማው ከባሕሩ ራቅ ብለው በሚገኙት፣ ሐራዝንና በኒ መጠርን በመሳሰሉ ተራሮች ላይ፣ ገበሬው ገደሉን በድንጋይ እርከን እየደገፈ ባበጃቸው ጠባብ ማሳዎች ነው። ከዚያ በጭነት ከብት ወርዶ በይት አል-ፈቂህ በምትባለው የገበያ ከተማ ይሰበሰብና ወደ ወደቦቹ ይላክ ነበር። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የሆላንድ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች ቡና የሚጭኑት ከሞካ ስለነበር፣ አውሮፓ የደረሰው የየመን ቡና በወደቧ ስም ተጠራ። በኋላ ሆላንዶች በጃቫ፣ ፈረንሳዮችም በካሪቢያን ደሴቶች ቡና ተክለው ገበያውን ሲካፈሉት፣ እንግሊዞችም በ1839 ኤደንን ይዘው ንግዱን ወደዚያ ሲስቡት ሞካ ደኸየች። ከተማዪቱ ብትደኸይም ስሟ ዛሬም በመላው ዓለም ይሸጣል።

ታሪኩ እኛን የሚነካው በሐረር በኩል ነው። የሐረር ደጋ ቡና በግመል ቅፍለት ወደ ዘይላ ይወርድና በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ ኤደን ይገባ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1880 መጨረሻ ሐረር የመጣው፣ ኤደን ለነበረ የፈረንሳዮች ንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። በዚህ መንገድ የወጣው የሐረር ቡና በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ «ሞካ»፣ ሻጩ ጠንቀቅ ያለ ከሆነም «ሞካ ሐረር» ይባል ነበር። የምድር ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ቡናው በጅቡቲ በኩል መውጣት ከጀመረ በኋላም ይኸው አጠራር አልጠፋም።

በእርግጥ ሁለቱ ቡናዎች የሚመሳሰሉበት ምክንያት አለ። ሁለቱም ሳይታጠቡ፣ ከነሥጋቸው በፀሐይ ደርቀው ጀንፈል ከሆኑ በኋላ የሚፈለፈሉ ስለሆኑ፣ ጣዕማቸው ወፈር ያለ፣ የበሰለ ፍሬንና ቸኮሌትን የሚያስታውስ ነው። የዳርቻዎቹን ዝምድና በግልጽ ማየት የሚፈልግ ግን ከፍሬው ይልቅ ገለባውን ይመልከት። በሐረር ቤቶች የቡናው ገለባ ከወተትና ከጨው ጋር ፈልቶ ሆጃ ይሆናል፤ ቅጠሉም ታምሶ ቁጢ ይፈላበታል። በየመን ተራሮችም ገበሬው ፍሬውን ለገበያ አውጥቶ ራሱ የሚጠጣው፣ ከገለባው ዝንጅብል ጨምሮ የሚያፈላውን ቂሽር ነው። ጥሩውን ፍሬ ለመርከቡ ሰጥቶ በገለባው መኖርን ሁለቱም ያውቁታል። በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን ዛሬ ቡና ቤት ገብቶ «ሞካ» ሲያዝዝ የሚቀርብለት ግን ቸኮሌት የተጨመረበት ቡና በወተት ነው፤ ከወደቡና ከሐረር ጋር የሚያገናኘውም ያ የቸኮሌት ቃና ብቻ ነው።

«አረቢካ» የሚለውም ስም የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1753 ለተክሉ «ኮፊያ አረቢካ» የሚለውን ስም ሲሰጠው፣ ዓረብ አገርንም ኢትዮጵያንም ረግጦ አያውቅም ነበር። በዘመኑ በአውሮፓ የመስተዋት ቤቶች ውስጥ ያደገው የቡና ተክል፣ ከየመን ወደ ጃቫ፣ ከጃቫም በ1706 ወደ አምስተርዳም የተጓዘ ዘር ልጅ ስለነበር፣ የተክሉ አገር ብሎ የመዘገበው ደቡብ ዓረቢያን ነው። የሚያውቀውን ጻፈ። ስሙ ይለወጥልን የሚሉ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የዕፅዋት ስያሜ ሕግ ግን በሥርዓቱ ቀድሞ የወጣ ስም፣ የጠቀሰውን ቦታ ቢስትም እንኳ፣ እንዲጸና ስለሚያዝዝ በዚህ መከራከር ጉልበት ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚያከራክር ያልሆነው የተክሉ መገኛ ነው። የአረቢካ ቡና ሰው ሳይተክለው በጫካ ውስጥ በብዛት የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በካፋ፣ በሸካ፣ በቤንች፣ በኢሉባቦርና በጅማ ደኖች ነው፤ ከዚህ ውጭ በደቡብ ሱዳን የቦማ አምባና በኬንያ የማርሳቢት ተራራ በጥቂቱ ይታወቃል። ተክሉ የሁለት የቡና ዝርያዎች ድቅል ሲሆን፣ አንደኛው ወላጁ በሮቡስታ ስም የምናውቀው ካኔፎራ ነው። ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን የየመንን ድርሻ መካድ አይገባም። ቡናን በማሳ አልምቶ የዓለም ሸቀጥ ያደረገው የየመን ገበሬ ነው፤ በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ እስያና ወደ አሜሪካ የተሰራጩት ዋና ዋና የአረቢካ ዘሮች ሁሉ ከእርሱ ማሳ የወጡ ናቸው። ስለ ቡና መጠጥ የተገኘው አስተማማኝ የሆነ ጥንታዊ ማስረጃም በ15ኛው መቶ ዓመት ሌሊቱን በጸሎት ለመትጋት ይጠጡት ስለነበሩት የየመን ሱፊዎች የሚናገረው ነው። «የመኖች ሰረቁን» የሚለው አባባል ይህን ድካም ስለሚያጠፋው አልወደውም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሚሠሩ ወገኖች ጋር ስጫወት ሌላ ቅሬታ እሰማለሁ፤ «የዓረብ ቡና እያሉ የእኛን ቡና የራሳቸው አደረጉት» ይላሉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። አረቢካ የተክል ዝርያ ነው፤ «ቀህዋ ዓረቢያ» ግን የአፈላል ስልት ነው። ቡናው ብዙ ሳይጠቁር ይቆላል፣ ሄል ይጨመርበታል፣ ደላህ በሚባለው ማንቆርቆሪያ ይቀርብና እጀታ በሌላት ትንሽ ሲኒ ሳይሞላ ይቀዳል። ዩኔስኮ በ2015 በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በኦማንና በቀጠር ስም የመዘገበው ይህን የእንግዳ አቀባበል ሥርዓት እንጂ የተክሉን መገኛነት አይደለም። በ2013 የተመዘገበው የቱርክ ቡናም እንዲሁ የአፈላልና የአጠጣጥ ባህል ነው። በ2022 ደግሞ ሳዑዲዎች በምግብና በቡና ቤቶቻቸው «የዓረብ ቡና» የሚለው «የሳዑዲ ቡና» በሚል እንዲተካ አዘዋል፤ ከኢትዮጵያ ቡና ዋነኛ ገዢዎች አንዷ ደግሞ ይህችው አገር ናት። በደላሁ ውስጥ የሚፈላው ፍሬ የሐረር ሊሆን ይችላል፣ ሥርዓቱም በእውነት የእነርሱ ነው፤ አንዱን እውነት ለማስከበር ሌላውን መንጠቅ አያስፈልግም።

ደግሞስ ምግብን በመጣበት መንገድ ስም መጥራት እኛም የምናደርገው ነው። ብርቱካን የሚለው ስም በዓረብኛ በኩል የደረሰን የፖርቱጋል አገር ስም ነው፤ ጣፋጩን ብርቱካን በሜዲትራንያን ያስፋፉት የፖርቱጋል ነጋዴዎች ስለሆኑ እንጂ የዛፉ መነሻ የቻይና አካባቢ ነው። በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ማለታችን ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል፤ ያ ማዶ ሜክሲኮ መሆኑን ግን አይነግረንም። ያለ እርሱ ወጥ የማይታሰበው በርበሬም የአሜሪካ አህጉር ተክል ስለሆነ፣ ከ1492 በፊት የኖረ ማንም ኢትዮጵያዊ ዛሬ የምናውቀውን ቀይ ወጥ ሊቀምስ አይችልም ነበር። ዓለም የዴንማርክ የሚለውን በቅቤ የተነባበረ ጣፋጭ ዳቦ ዴንማርኮቹ ራሳቸው የቪየና ዳቦ ይሉታል።

ወደ ቡናው ልመለስና ለእኛ ከበድ የሚለውን ላንሣ። «ኮፊ» የሚለው ቃል ከካፋ ተወስዷል የሚለውን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተነዋል፤ በአየር መንገድ መጽሔትም፣ በቡና ማሸጊያም ላይ እናነበዋለን። በሰነድ ሊከተሉት የሚቻለው መንገድ ግን ሌላ ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች ቃሉን ያገኙት ከቱርክኛው «ካህቬ» ነው፣ ቱርክኛውም ከዓረብኛው «ቀህዋ» ነው፤ ቀህዋ ደግሞ ቡና ከመታወቁ በፊት በዓረብኛ የወይን ጠጅ ስም ሆኖ ያገለግል ነበር። ካፋን ከቀህዋ ጋር የሚያያይዘው የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። የካፋ ሕዝብም ቡናን በራሱ ቋንቋ የሚጠራው «ቡኖ» ብሎ ነው። ለእኔ ይህ ከሚያኮራን ነገር ምንም አይቀንስም። እንዲያውም ዓረብኛው ፍሬውን ለይቶ ሲጠራ «ቡን» ማለቱ፣ ከካፋው ቡኖ፣ ከኦሮምኛውና ከአማርኛው ቡና ጋር ሲነጻጸር፣ የቀይ ባሕርን ሁለት ዳርቻዎች ይበልጥ የሚያቀራርብ ቃል ሆኖ አገኘዋለሁ።

የካልዲም ታሪክ እንዲሁ ነው። ፍየሎቹ ፍሬ በልተው ሲቦርቁ ያየው እረኛ በ9ኛው መቶ ዓመት በካፋ ይኖር እንደነበር በልበ ሙሉነት ይነገራል። ትረካው በጽሑፍ የሚታወቀው ግን በ1671፣ አንቶኒዮ ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ ማሮናዊ ሊቅ ሮም ላይ በላቲን ካሳተመው አነስተኛ ጽሑፍ ጀምሮ ነው። በዚያም እረኛው ስም የለውም፤ ከብቶቹ ግመሎች ናቸው፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ደግሞ ፍየሎች ናቸው ይላል፤ ቦታውም የመን ነው። ካልዲ የሚለው ስም ብዙ ቆይቶ የተጨመረ ነው። የቡና ሥርዓታችን የሺህ ዓመታት ዕድሜ አለው የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል፤ በሰሜኑ የክርስቲያን ደጋ ቡና መጠጣት የእስላም ልማድ ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ሲነቀፍ ኖሮ በሰፊው የተለመደው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በደቡብ ምዕራብና በምሥራቅ ያለው ልማድ ከዚህ እጅግ ይቀድማል፤ ለሁሉም አንድ ዕድሜ መስጠት የእነዚያን አካባቢዎች ቀዳሚነት መሸፈን ይሆናል።

በጅማ ዞን የጮጬና በካፋ ዞን የማንኪራ ሰዎች የቡና መገኛ እኛ ነን ብለው የሚያደርጉት ክርክርም በስሞች መደራረብ የበለጠ ተወሳስቧል። በንጉሡና በደርግ ዘመን ካፋ የሚባለው ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም ክፍለ ሀገር፣ ዋና ከተማው ጅማ ነበረች፤ ስለዚህ በዚያን ጊዜ «የካፋ ቡና» ተብሎ የተጻፈው የዛሬውን የካፋ ዞን ብቻ አያመለክትም። የዱር ቡና ያለበት ደን ደግሞ የአስተዳደር ወሰን ከመሠመሩ በፊት የነበረ ስለሆነ፣ አንዲትን መንደር ለይቶ መገኛዋ ይህች ናት ማለት የሚቻል አይመስለኝም።

ከሁሉም ስሞች ብዙ የተጓዘው ጌሻ ነው። በውጭ አገር ውድ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ብዙዎቹ ስሙን ከጃፓን ሴት አዝማሪዎች ጋር ያያይዙታል፤ የቡናውን መገኛ ፓናማ የሚሉም ብዙ ናቸው። ጌሻ በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ፣ በካፋና በቤንች አካባቢ የሚገኝ ቦታ ነው። በ1930ዎቹ በማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ከዚያ አካባቢ የቡና ዘር አሰባስቦ ወደ ኬንያ ላከ፤ በሰነዱም ላይ የቦታው ስም «ጌይሻ» ተብሎ ሰፈረ። ዘሩ ከኬንያ ወደ ታንዛኒያው የልያሙንጉ የምርምር ጣቢያ፣ ከዚያም በ1953 በኮስታሪካ ቱሪያልባ ወደሚገኘው የምርምር ማዕከል ሄደ። በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ የገባው ስለ ጣዕሙ ሳይሆን የቅጠል ዋግን ይቋቋማል በሚል ነበር። ምርቱ አነስተኛ፣ ቅርንጫፉም በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ ብዙ ገበሬዎች ችላ አሉት፤ በየማሳው ጥግ ከሌሎች ተክሎች መካከል ተረስቶ ቆየ።

በቦኬቴ ተራራዎች የሚገኝ የአንድ ቤተሰብ እርሻ በከፍታ ቦታ ላይ ያለውን ለይቶ ለብቻው በመልቀም በ2004 ለፓናማ የቡና ውድድር ሲያቀርበው ነገሩ ተለወጠ። ዳኞቹ የአበባና የቤርጋሞት መዓዛውን ሲያሸቱ የሚያውቁትን የፓናማ ቡና አልመሰላቸውም። በጨረታው አንድ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጦ በዘመኑ ክብረ ወሰን ሆነ፤ በ2019 ደግሞ የአንድ ፓውንድ የፓናማ ጌሻ ዋጋ 1,029 ዶላር ደረሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን የጌሻ ሰዎች ቡና ባለ አምስተኛ ደረጃ ያልታጠበ የጅማ ቡና ውስጥ ተደባልቆ ስሙ ሳይነሣ ወደ ውጭ ይላክ ነበር። የቆጨኝ ዘሩ መሄዱ አይደለም፤ ዘር ሁልጊዜ ይሄዳል። የቆጨኝ የቦታው ስም በሌላ አገር ሲከብር በራሱ አገር የንግድ ወረቀት ላይ እንኳ ሳይጻፍ መኖሩ ነው። እዚህም ላይ ግን የተገላቢጦሹ ስሕተት አለ። ወደ ጌሻ ሄዶ ማንኛውንም ቡና የገዛ ሰው የፓናማውን ቡና አገኘሁ ማለት አይችልም፤ የፓናማው ጌሻ ከዚያ ደን ከወጡ እጅግ ብዙ ዓይነቶች የአንዱ መስመር ብቻ ነው።

የአገር ውስጥ የንግድ ስሞቻችንም ከሞካ ብዙ አይለዩም። በውጭ ገበያ «ሌኬምፕቲ» የሚባለው የወለጋ ቡና የተሰየመው በሚሰበሰብባት በነቀምት ነው፤ ፍሬው ግን ከጊምቢና ከሌሎች የወለጋ ወረዳዎች ሊመጣ ይችላል። ጅማ በሚለው ስም የካፋና የኢሉባቦር ቡና አብሮ ይወጣል። ሲዳሞ ደግሞ ዛሬ የሌለ ክፍለ ሀገር ስም ነው፤ የሲዳማን ብቻ ሳይሆን የጌዴኦን፣ የጉጂንና የቦረናን ምድር ያቀፈ ነበር። ስለዚህ ሲዳሞ ተብሎ የተሸጠ ቡና የሻኪሶ ገበሬ የለቀመው ሊሆን ይችላል፤ በ2020 የተመሠረተውን የሲዳማ ክልል ብቻ ያመለክታል ማለት አይቻልም።

ብዙ ሰው ይርጋጨፌን በሲዳማ ውስጥ ያለ ቦታ አድርጎ ይቆጥረዋል። ይርጋጨፌ የጌዴኦ ከተማ ናት፤ ዞኑም ከ2023 ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ነው። በስሟ የሚሸጠው ቡና ከወናጎ፣ ከኮቸሬና ከገደብም ይመጣል። ጌዴኦ ቀጥ ባለው ተዳፋቱ ላይ ቡናውን ከእንሰቱ ጋር፣ ሁለቱንም በትልልቅ አገር በቀል ዛፎች ጥላ ስር አድርጎ ይተክላል፤ እንሰቱ የቤቱ ቆጮ ነው፣ ቡናው የቤቱ ገንዘብ ነው፣ ዛፉም አፈሩን ይይዛል። ዩኔስኮ በ2023 ይህን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው የጌዴኦን ስም ይዞ ነው። በቡናው ከረጢት ላይ ግን ጌዴኦ የሚል ጽሑፍ ማግኘት እስካሁን ቀላል አይደለም።

መንግሥት በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ ስታርባክስና የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውመው ነበር፤ ከኩባንያው ጋር ስምምነት የተደረሰው በ2007 ነው። ያ ክርክር ተገቢ ነበር፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። አንድ ነገር ግን በደንብ መታወቅ አለበት። ኢትዮጵያ የመረጠችው የንግድ ምልክትን እንጂ፣ ምርቱ ከተወሰነ ቦታ መምጣቱን የሚያረጋግጠውን የመልክዓ ምድር መለያ አልነበረም፤ ምክንያቱም የእያንዳንዱን አነስተኛ ገበሬ ማሳ በወሰን ለይቶ መቆጣጠር በጊዜው የማይቻል ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ በሕግ የተጠበቀው ስሙን የመጠቀም መብት ነው፤ ስሙ ብቻውን ቡናው ከየትኛው ወረዳ እንደተለቀመ ማረጋገጫ አይሆንም።

ያን የሚፈልግ ገዢ ከትልቁ ስም በታች በትንሹ የሚጻፈውን ይመልከት፤ ወረዳው፣ የማጠቢያ ጣቢያው፣ የገበሬው ወይም የማኅበሩ ስም፣ የቦታው ከፍታና የመኸሩ ዓመት ተጽፈው ከሆነ ቡናው በእርግጥ አድራሻ አለው። በ2017 የግብይት ሥርዓቱ ከተሻሻለ ወዲህ ቡናን ከነምንጩ መላክ በመቻሉ፣ በንሳ፣ ሀምበላ፣ ኡራጋ፣ ኮቸሬና ገደብ የሚሉት የወረዳ ስሞች በቡና ቆዪዎች ከረጢት ላይ በራሳቸው መውጣት ጀምረዋል። የበንሳ ቡና በንሳ ተብሎ ተጽፎ ሲሸጥ ባየሁ ቁጥር የሚሰማኝ ደስታ፣ «ኮፊ የሚለው ቃል የእኛ ነው» ሲባል ከሚሰማኝ እጅግ ይበልጣል።